ጀርባው እስኪደርቅ

ቀለም ቀያጩ ከሰው ጋር ሲተዋወቅ እንኳ ቀድሞ የሚያየው የሸሚዙን ቀለም ነው። በግድግዳ ቀለም ሱቁ ግራጫን ከግራጫ ሲለይ ኖሮ ዓይኑ እዚያው ቀረ። የሚስቱ ታላቅ እህት ደግሞ የጥርስ ሐኪም ናት፤ እሷ ቀድማ የምታየው አፍ ነው። እሑድ እሑድ ሁለቱም ሩቅ የሚያሳይ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የባሕር ወፍ ሊለዩ ወደብ ዳር ይቆማሉ። ሚስቱ "ሥራ ፈቶች!" ብላ ትሸኛቸውና ተመልሳ ትተኛለች።

በዚያ ጠረፍ ያሉት ወፎች ግራጫ ጀርባ ናቸው። ጥቁር ጀርባ የሚሉት ዘመዳቸው ብቅ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ቀለም ቀያጩ ድንጋይ ላይ የቆመ ጀርባው የጠቆረ ወፍ ሲያይ ጊዜ አላጠፋም። ስልኩን መዥረጥ አድርጎ ለወፍ ተመልካቾች ማኅበር "ጥቁር ጀርባ አገኘሁ" ብሎ ጻፈ። ከላከው፣ ሰው ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ ይጎርፋል፤ የመጀመሪያ ግኝቱም በስሙ ይያዝለታል። ከተሳሳተ ደግሞ የዓመቱ መሳቂያ እሱ ነው።

"ቆይ እስቲ" አለች ሐኪሟ። "እግሩ ሮዝ ነው እኮ! የጥቁር ጀርባ እግር ቢጫ ነው።"

"ልጅ ነዋ፣ እታለም! ገና ቢጫ አልሆነም።"

"ልጅ ስትል? መጀመሪያ ዕድሜውን ንገረኝ፤ ዘሩን ኋላ።"

ዕድሜን ከአፍ በማወቅ እሷን የሚረታ የለም። በመጀመሪያ ዓመታቸው ሁለመናቸው ቡናማ፣ መንቆራቸው ጥቁር ስለሆነ የሁለቱም ዘር ልጆች ቁርጥ መንታ ናቸው። ይኼኛው ግን መንቆሩ ቢጫ ሆኖ ጫፉ አጠገብ ጥቁር ቀለበት ቀርቶበታል፤ ክንፉም ላይ ቡናማው ተንጠባጥቧል።

"ሦስተኛ ዓመቱ" ብላ ፈረደች። "በዚህ ዕድሜ የጥቁር ጀርባም እግር ሮዝ ሊሆን ይችላል። ይሁን፣ እግሩን ተውኩልህ። የቀረው ጀርባው ነው።"

"ጀርባውን ለኔ ተይው!" አለና ሊልከው ጣቱን ሰነዘረ።

ወፉ ያኔ ተራገፈ። ውሃ ፊጭ አለ። ለካ ታጥቦ መውጣቱ ነው!

ቀለም ቀያጩ ጣቱን ሰበሰበ። ለስንቱ ደንበኛ "እርጥብ ግድግዳ አይተህ ቀለም አትምረጥ፣ ጠቁሮ ይታይሃል" ሲል የኖረ ሰው!

"ምነው? ላከው እንጂ" አለች ሐኪሟ። መነጽሯን ስትወለውል ውሃውን አላየችም።

"ይድረቅ።"

"ማን?"

"ወፉ!"

"ወይ አንተ ግድግዳ ቀቢ!" ብላ በሳቅ ፈረሰች። ቢሆንም አብራው ቆመች። መጀመሪያ ትከሻው ላይ ጥፍር የምታህል ቦታ ፈዘዝ አለች። ልስን ሲደርቅ እንደሚያደርገው ፈዛዛው እየሰፋ፣ እየተቀጣጠለ ሄደና ወፉ ከጎኑ ከቆሙት ጋር አንድ ዓይነት ግራጫ ሆኖ አረፈው።

የጻፈውን አጠፋ። "ግራጫ ጀርባ፣ ሦስተኛ ዓመት፣ እርጥብ" ብሎ ላከ።

"እርጥቡን ደግሞ ማን ጠየቀህ?"

"ሌላው እንዳይቸኩል ብዬ ነዋ።" መነጽሩን መልሶ አነሣ። "ግን እታለም፣ ዝናብ ሲዘንብ ወፎቹ ራሳቸው ዘመዳቸውን እንዴት ነው የሚለዩት?"