ደርሶ መልስ በመቶ ሃያ ኪሎ

ባለቤቴ የተቀበረው በተወለደበት መንደር ነው። መንደሩ ከአጋሮ ትንሽ ወጣ ይላል፤ መቃብሩ ልጅ ሳለ ከአባቱ ጋር የተከለው ቡና ዳር ነው። እኔ ጅማ ነው የምኖረው። በመካከላችን ሃምሳ ኪሎ ሜትር አለ። የሞተ ሰው ርቀቱ በኪሎ ሜትር አይለካም የሚሉ አሉ፤ የአጋሮን መንገድ ስለማያውቁት ነው።

የመጀመሪያውን ዓመት የሄድኩት በታናሽ ወንድሙ መኪና ነበር። ቡና ነጋዴ ነው። ደግ ነው፣ ግን ችኩል ነው። ቤንዚን ካገኘ፣ ገበያ ከሌለው፣ ጉልበቱንም ካላመመው ይወስደኛል። ደርሰን ፋቲሓ ከቀራን በኋላ እኔ እጄን ከፊቴ ሳላወርድ እሱ መኪናው ውስጥ ገብቷል። ከዚያ ጡሩምባ ነው። አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው ላይ ባለቤቴ ራሱ ከሥር ሆኖ፣ «ሂጂ በቃ፣ ይህ ሰውዬ የመንደሩን ሙታን ሁሉ ቀሰቀሰ» የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው በጡሩምባ መሰናበት አልፈለግኩም። ራሴ እየነዳሁ ልሄድ፣ የፈለግኩትን ያህል ልቀመጥና ስፈልግ ልመለስ ወሰንኩ።

መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ያስተማረኝም እሱ ነው። የድሮዋ መኪናችን ግን እሱን በሦስት ወር ቀድማው ሞታለች። ቤንዚን ደግሞ የሚገኘው በሰልፍ ነው። ሐዘንተኛ ሴት ሰልፍ ላይ ስትቆም ማልቀሷ እንኳ ተራ ይጠብቃል።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና አሰብኩ። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት በምትጠብቀው ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት ስቀመጥ ሰው ሁሉ ቀን ከሌት ቁርአን የምቀራ ይመስለው ነበር። እቀራም ነበር። በመሃል በመሃል ግን ስልኬ ላይ ስለ ባትሪ አነብ ነበር፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ዕድሜዬን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ስጠብቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያላነበብኩትን ነገር አልገዛም።

የባለቤቴ ወንድም ሲሰማ ሻዩን አስቀምጦ ተነሣ።

«እትዬ፣ ይህ እኮ ጎማ ያለው ስልክ ነው!» አለኝ። «ስልክ መንገድ ላይ ቢዘጋብሽ ኪስሽ ውስጥ ከተሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ይሄ ሲዘጋብሽስ?»

«አንተ ጋ እደውላለሁ።»

«በምን? ስልኩ ተዘግቷል ብዬሻለሁ እኮ!»

ተከራክረን ተከራክረን ተስማማን። የመጀመሪያው አርብ እሱም አብሮኝ ይሄዳል። መኪናዋ በአንድ ቻርጅ መንደሩ አድርሳ ጅማ ከመለሰችኝ ከእንግዲህ ማንም አፉን አይከፍትም። መንገድ ላይ ከቆመች ግን ቁልፉን አስረክቤ እስከ ዕድሜዬ ማብቂያ ጡሩምባውን እሰማለሁ።

አዲስ መኪና አቅሜ አይደለም፤ ያገለገለ ነው የምፈልገው። መጀመሪያ ያየኋት እዚያው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር አንድ ደላላ ዘንድ ነበር። ነጭ ናት፣ ታጥባ ታብረቀርቃለች፤ ስክሪኗ ላይ ባትሪው መቶ ከመቶ ይላል።

«ማዘር፣ ይቺ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ትሄዳለች! ሳያስቡት አዲስ አበባ ገብተዋል።»

«አዲስ አበባ ምን አደርጋለሁ?»

«ለማለት ነው ማዘር።»

በእኛ አገር ገበሬ መንገድ ሲጠየቅ «አሱማ» ይላል፤ እዚሁ ነው ማለቱ ነው። እዚሁ የተባለው ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። የደላላው አራት መቶ ደግሞ የዚያ ተገላቢጦሽ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

ባለቤቴ ሥራው የቡና ናሙና ማውጣት ነበር። ነጋዴው ጆንያውን ከፍቶ ላሳይህ ሲለው አመስግኖ ያልፈውና መውጊያ ብረቱን ከሥር ይሰካዋል። «የጆንያ አፍ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው፤ ጉዱ ከሥር ነው ያለው» ይል ነበር። እኔም ደላላውን፣ «መቶ ሲሆንማ ሁሉም ቆንጆ ነው። ሃያ ስትደርስ አሳየኝ» አልኩት።

«እንዴ ማዘር! እኔ ሙሉ ላሳይዎት ደክሜ?»

ቢያንስ ሰርቦ ከተማ ደርሰን እንመለስ አልኩት። ደርሶ መልሱ አርባ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። እሱ ባለው ሂሳብ ከመቶው አሥር ነበር መጉደል ያለበት። ሃያ ሦስት ጎደለ።

«ኤሲው ነው» አለኝ።

«ኤሲ አልከፈትንም።»

«ያው መስኮት ሲከፈት ነፋስ ይይዛል።»

«መስኮቱም ዝግ ነው።»

መንገዱን አየ፣ እኔን አየ። «እንግዲህ ማዘር፣ ሰውም በዛ።»

መኪናው ውስጥ የነበርነው ሁለት ነን። እኔ ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኛል። የበዛው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሁለተኛዋን ያገኘኋት ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ነው። ባለቤቷ ወደ አገሩ የሚዛወር ወጣት የኮሌጅ መምህር ነበር። መኪናዋ ትንሽ ናት፤ ሰማያዊ ቀለሟ እንደ ታጠበ የተማሪ ዩኒፎርም ደብዝዟል።

«እማማ፣ መጀመሪያ ጉዷን ልንገርዎት» ብሎ ጀመረ። የኋላ ግራ በሯ የሚከፈተው ከውስጥ ብቻ ነው። ስክሪኗ በሙሉ ቻይንኛ ነው። ውስጧ አንዲት ቻይናዊት ትናገራለች፤ ዝም ለማሰኘት ያላደረገው ነገር የለም፣ አልቻለም። «ስገዛት መቶ ሰባ ትሄድ ነበር። አሁን መቶ ሃያ ነው፤ በዝናብ ጊዜ ከዚያም ታንሳለች። ግን አንድ ቀን ዋሽታኝ አታውቅም። ሃያ ቀረኝ ካለች ሃያ ቀርቷታል።»

ሳልጠይቀው ባትሪው አሥራ ስምንት ላይ ነበር፤ የሰፈሩ መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ቻርጅ አላደረጋትም። ብረቱን ከሥር ሰካሁት። አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ነዳኋት፣ ልክ አሥር ጎደለ።

ቤቴ ገብቼ አሰብኩ። አንዷ አራት መቶ ብላ ትዋሻለች፤ ከዋሸችም በኋላ ከዚህችኛዋ የበለጠ ትሄዳለች። ይህችኛዋ የምትሄደው ጥቂት ነው፣ ያለችውን ግን ትሆናለች። የሚያስፈልገኝ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ሃምሳ መሄጃ፣ ሃምሳ መመለሻ። የሚተርፈኝ ሃያ ብቻ ነው።

ባለቤቴም ቢሆን ሩቅ የሚሄድ ሰው አልነበረም። በሠላሳ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ባሕር አሳይሻለሁ ብሎኝ አያውቅም። ግን «ለመግሪብ እደርሳለሁ» ካለ አዛን ሳይባል ጫማው ደጃፌ ላይ ነው። ወንድሙ ደግሞ በሌላ በኩል አራት መቶ ነው። ሰማያዊዋን ገዛሁ።

በማግስቱ ወንድሙ ደወለ።

«እሺ እትዬ፣ አቅሟ ስንት ነው?»

«መቶ ሃያ ኪሎ።»

«አንድ ኩንታል ከሃያ! ለዚያች ሚጢጢ መኪና ክፉ አይደለም። አልሐምዱሊላህ።»

ቡና ነጋዴ ኪሎ ሲባል የሚታየው ሚዛን ነው። የነገርኩት መንገድ እንጂ ሸክም አለመሆኑን ማስረዳት ነበረብኝ። ግን ከእኔ ሐሳብ አንዱን ሲያመሰግን ያ የመጀመሪያው ነበር። አሚን ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

አርብ ሄድን። ክረምት ነው፣ ይዘንባል፤ የመስታወት መጥረጊያው አላረፈም፣ መብራቱም በርቷል። ወንድሙ ከፊት ተቀምጦ ቁጥሩን እንደ ሐኪም ይከታተላል። «ሰማንያ አለች እትዬ። ሰባ ሁለት አለች። እትዬ፣ ስድሳ አራት!» መንደሩ ስንደርስ ሃምሳ አንድ ቀርቷታል። ካሰብኩት ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ያደርሰኛል።

ጡሩምባው በዚያን ቀን እኔ እጅ ነበር። ወንድሙ የዘመድ መጋዘን ላይ ሥራ አለኝ ብሎ ሄደ፤ እኔም ጥላዬን ይዤ ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዱዓ አደረግኩ። ከዚያ ስለ ደላላው ነገርኩት፣ ሰው በዛ እንዳለኝ፣ ስለ ቻይናዊቷ፣ ስለ ኪሎውም። ዝናቡ ቡናው ቅጠል ላይ ይወርዳል። ማንም አልጠራኝም። ተነሥቼ ትንሽ ሄድኩና የረሳሁት ነገር ትዝ ብሎኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ይህ ዓመቱን ሙሉ አምሮኝ የነበረ ነገር ነው።

ወደ መኪናዋ ስመለስ ኋላዋ እንደ ደከመች በቅሎ ዝቅ ብሏል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ቡና ነው።»

«ቡና መሆኑንማ አየሁ።»

«አንድ ኩንታል ከሃያ። በሚዛን አስመዝኜ ነው የጫንኩት። ከተባለው አንድ ኪሎ አላለፍኩም፣ ወላሂ!»

«አንተስ?»

«እኔ ምን?»

«አንተስ አትመዘንም?»

«እኔ ሰው ነኝ እንጂ ኪሎ ነኝ እንዴ?»

መናዘዝ ነበረብኝ። «መቶ ሃያው መንገድ ነው» አልኩት። «ኪሎ ሜትር። ሸክም አይደለም።»

«ያ ረቢ! በስልክ ስነግርሽ አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«አውቄ ነው።»

«አያ ይህን ቢሰማ ምን ይልሽ ነበር!»

«አሁን ነግሬው መምጣቴ ነው።»

ወደ መቃብሩ ዞሮ አየ። ከዚያ ወደ እኔ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ጢሙ ውስጥ የሆነ ነገር ግን አሸነፈው፤ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። የወንድማማቾቹ ሳቅ አንድ ዓይነት ነው። ይህን ረስቼው ነበር፤ ቶሎ ብዬ ወደ መኪናዋ ገባሁ።

ሳቅ ግን ባትሪ አይሞላም። ስመጣ ሁለት ሰው ሆነን አርባ ዘጠኝ በልታለች። አሁን የቀራት ሃምሳ አንድ ነው፤ ወደ ጅማ ሲመለሱ ደግሞ አቀበቱ ይበልጣል። ጆንያውንም እሱንም ይዤ ብነሣ ከተማው ሳልገባ እንደምቆም ግልጽ ነበር። ውሉ ደግሞ ውል ነው፤ ብቆም ቁልፉ የእሱ ነው። መኪናዋን አስነሣሁ፤ ቻይናዊቷ አንድ ረዥም ነገር ተናገረች።

«ምን አለች?» አለ በመስኮቱ።

«‹ወይ ሰውየው ወይ ጆንያው› አለች።»

«ጆንያው ቢወርድስ?»

ቁጥሩን አየሁት፣ ሆዱን አየሁት። ቻይናዊቷ በዚህ ጊዜ ደግ ሆና አንድ ቃል ጨመረች።

«አሁንስ?»

«‹ይቅርታ፣ ሰውየውም ይውረድ› አለች።»

«አንቺ ሴት፣ ቻይንኛውን ከየት ተማርሽው!» አለ። ቢሆንም ቡናውን ዝናብ ላይ ትቶ እንደማይሄድ እሱም እኔም እናውቃለን። መንደርተኛ ጠርቶ ጆንያዎቹን አወረደ፤ እሱም ነገ በሚመጣው አይሱዙ ከቡናው ጋር ሊመለስ ቀረ። ልነሣ ስል አንዲት ትንሽ ከረጢት ይዞ በመስኮቱ መጣ።

«ይህቺን እንኳ ያዢ። አምስት ኪሎ አትሞላም። ከአያ ዛፎች የተለቀመ ነው፣ ለአንቺ ያስቀመጥኩት።»

ለእሱ ብዬ አምስት ኪሎ ፈቀድኩ። ከፊት ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። ገና ከመንደሩ ሳልወጣ መኪናዋ ትጮኽ ጀመር። ቻይናዊቷም ትቆጣለች። ቆምኩ። ጎማውን አየሁ፣ በሮቹን ዘጋሁ ከፈትኩ። ጩኸቱ አልቆመም። ኋላ ላይ ነው የገባኝ። ወንበሩ ክብደት ሲሰማው ሰው የተቀመጠ መስሎት ነው፤ ቀበቶውን እሰሩ ነው የምትለው። ከረጢቷን ኋላ ማድረግ እችል ነበር። በእኔ በኩል ያለው የኋላ በር ግን ከውጭ አይከፈትም። ቢከፈትም አላደርገውም ነበር። ቀበቶውን ስቤ ከረጢቷን አሰርኩ። ዝም አለች።

ለሁለት ሆነን መንገድ ገባን።

አጋሮን ስናልፍ አርባ አምስት። ማራገቢያውን አጠፋሁ፤ መስታወቱ ሲደበዝዝ በሻሼ ጫፍ እየጠረግኩ ሄድኩ። አቀበቱ ላይ ቁጥሩ እያየሁት ይወርዳል፣ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ይመልሳል። ሃያ ላይ ቻይናዊቷ ተናገረች፤ «ሰምቻለሁ እህቴ» አልኳት። አሥራ አራት ላይ ደገመችው፤ ወደ ጎን ዞሬ፣ «ምነው ይህን ያህል ስፈጥን ‹ቀስ በይ› አትለኝም?» ብዬ ከረጢቷን ተቆጣሁ። ባለቤቴ አቀበት ላይ ሁልጊዜ ቀስ በይ ይለኝ ነበር። ቀስ አልኩ። ከኋላዬ ሚኒባሶች በጡሩምባ አቀለጡት። መቃብሩ ላይ ከለመድኩት ጡሩምባ የእነሱ ይሻል ነበር።

ግቢዬ ስገባ ሰባት ቀርቷታል። ሞተሩን ሳላጠፋ ስልኬ ጮኸ።

«ደረስሽ?» አለ የባለቤቴ ወንድም።

«ደርሼማ ነበር። ተመለስኩ።»

«እንግዲህ አርብ አርብ ልትሄጂ ነዋ» አለኝ፤ «ኢንሻአላህ» አልኩት።

የእኔን ቀበቶ ፈታሁ። የእሱን ግን ዝናቡ እስኪያባራ እንደ ታሰረ ተውኩት።