በጥርስ የተሰማ ሞተር

ሱዳን፣ ጀብራ በሚባል ሰፈር ባለው ጋራዥ ለዓመታት አብሬያቸው የሠራሁት ሱዳናዊው አለቃዬ፣ ሁላችንም ለባለሙያነታቸው «ኡስታ» የምንላቸው፣ ሞተር የሚመረምሩት በረጅም ካቻቢቴ ነበር። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጆሯቸው ግን ከድቷቸው ነበር። እሳቸው ለማንም አልተናገሩም፤ እኛም ደፍረን አልጠየቅንም።

አንድ ልጃቸው ሶባ አካባቢ ሜዳ ላይ በመኪና ይወዳደራል። አንድ ቀን በሙሉ ፍጥነት ሳለ የሞተሩን ዘንግ የሚያቅፈው ብሮንዚና ቀልጦ ሞተሩ ተጣብቆ ቆመ። መኪናዋ ተሽከርክራ ተሽከርክራ አሸዋ ውስጥ ገባች፤ ልጁን ያተረፈው ፈጣሪ ነው።

ሞተሩን በሰንሰለት አንጠልጥለን አወጣነው። የተበላውን ዘንግ ቶርኖ ቤት ወስደን አስተካክለን፣ አዲስ ብሮንዚና አስገብተን፣ አቧራ እንዳይገባበት በሩን በርጥብ ጆንያ ጋርደን መልሰን ገጠምነው። ልጁ አስነሣው። ኡስታ ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ትንሽ ቆዩና «ተማም!» አሉ፤ ደህና ነው ማለታቸው ነው።

እኔ ግን ከሥር ቀጭን ኳኳታ ሰማሁ። ልጁ ሊነዳት ሄልሜቱን አንሥቷል። አባትን በልጁ ፊት «አይሰሙም» ማለት ነውር ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ልጁን መቅበር ነው። ጨነቀኝ። ሲጨንቀኝ ደግሞ ውሸት አላጣም።

«ኡስታ፣ እኛ አገር መጨረሻ ላይ ጫፉን ሞተሩ ላይ አድርገው፣ እጀታውን በጥርስ ነክሰው ነው መኪና የሚሸኙት። ለገድ ነው፤ ይንከሱልኝ» አልኳቸው።

አዲስ አበባ ጆሮው የደከመ አንድ መካኒክ የሞተሩን ድምፅ በጥርሱ አጥንት ለመስማት እንዲህ ሲያደርግ አይቼ ነበር፤ ይህን ግን ዋጥኩት።

«እናንተ ሐበሾች ጉዳችሁ አያልቅም!» ብለው እየሳቁ ነከሱ። ወዲያው ሳቃቸው ጠፋ። «አጥፋው! ያላ፣ አጥፋው!»

ስንፈታው አንዱ ብሮንዚና ቦታው ላይ በትክክል አልተቀመጠም ነበር። አስተካክለን ዳግም ስናስነሣው፣ ማንም ሳይነግራቸው ነከሱና አለቅም አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔም ደስ ብሎኝ ፊቴን አዞርኩ።

ልጁ ወደ ውጭ ጎትቶ አወጣኝ። «መንከሱ እውነት የአገራችሁ ልማድ ነው?»

«ወላሂ!» አልኩት፣ ማተቤን በአንገቴ አስሬ።

«እኔም እኮ ኳኳታውን ሰምቼው ነበር» አለኝ።

«ሰምተህ ልትነዳት ነበር?»

«አባቴ ‹ተማም› አሉ እኮ» አለ። «ምን ልበላቸው?»