ከሌክ ሲቲ እስከ ሚስተር ሾን የኖራ እቶን

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡30፤ ሌክ ሲቲ

ገና አልነጋም፤ ያካፋል። ሥራዬ በሽተኛ ማመላለስ ነው፤ ዛሬ ግን እረፍቴ ስለሆነ የምሄደው ለወዳጅ ነው። ሁሌ የማመላልሳቸው ወይዘሮ ብሪጂት ነገ ከሆስፒታል ይወጣሉ፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ተስፋ የለም ብለዋል። ባለቤታቸው ሚስተር ሾን ቤቱን ሁለቱም ባደጉበት የአየርላንድ ገጠር ወግ በኖራ አንጥተው ሊቀበሏቸው ይፈልጋሉ። «የሱቅ ቀለም አይሻልም?» ብላቸው ተቆጡኝ። ኖራውንም ራሳቸው ያቃጥላሉ!

ጠዋት 1፡00፤ ቡሪየን

ጋሽ ታደሰን አሳፈርኩ። አሁን የኤርፖርት ጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ አገር ቤት ግን ኖራ የሚያውቁ ግንበኛ ስለነበሩ እንዲያግዙን ለምኛቸው ነው።

«ሶ፣ ጋሼ፣ ድንጋይ እንዴት ይቃጠላል?»

«ዝም ብለህ ንዳ፤ ታየዋለህ።»

2፡30፤ ከታኮማ ወዲያ

አምስት በጎች፣ ጭቃ፣ ዳገት ተደግፎ የተገነባ እቶን። ሚስተር ሾን እንጨትና የኖራ ድንጋይ አነባብረው ሦስት ቀን ካነደዱ በኋላ ዛሬ ማለዳ ከፍተውታል። ጋሽ ታደሰ አንድ ድንጋይ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጣሉ። በደንብ የተቃጠለ ቢሆን ውሃው ይፈላ ነበር። ዝም አለ። ሁለተኛውም ዝም።

«አንድ ቀን ይቀረው ነበር» አሉ ሚስተር ሾን። «ብሪጂት እንዳትቀድመኝ ፈርቼ ነው።» ባርኔጣቸውን አውልቀው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አንጀቴን በሉት።

«ሁሉም ጥሬ አይሆንም በላቸው» አሉኝ ጋሽ ታደሰ። «የበሰለው ይቀላል።»

ሦስታችንም ድንጋዮቹን በእጃችን እየመዘንን ቀላሉን ከከባዱ መለየት ያዝን። ቀላሉ ውሃ ሲነካው ተሰነጣጥቆ ተንተከተከ፤ ጋሽ ታደሰ እንደ ሕፃን ሳቁ። የተገኘው ግን ለአንድ ግድግዳ ብቻ የሚበቃ ነው። ሚስተር ሾን ወደ መንገዱ የዞረውን መረጡ።

ቀብተን ስንጨርስ ግድግዳው ውሃ የተረጨ እንጂ ኖራ የነካው አይመስልም። 

«ሲደርቅ ነው የሚነጣው» አሉ ጋሽ ታደሰ።

እሁድ፣ ረፋድ 5፡00

ወይዘሮ ብሪጂትን በቫኔ ይዤ መታጠፊያውን ስዞር ግድግዳው ወተት መስሏል። ፓርክ አደረግኩ። እሳቸው ነጩን ግድግዳ፣ ቀጥሎም ያልተቀባውን ቡናማ ጎን አይተው ቫኑ ድረስ ወደመጡት ባላቸው ዞሩ።

«እቶኑን ቸኩለህ ከፈትከው፣ አይደል?»

«ቀድመሽኝ እንዳትደርሺ ብዬ ነው።»

«አባትህም ሁልጊዜ ኖራው አንድ ግድግዳ ላይ ያልቅባቸው ነበር» አሉና እየሳቁ እጃቸውን ዘረጉ። ዊልቸሩን ላወጣ ከኋላ ስዞር ሚስተር ሾን አቅፈው አውርደዋቸዋል።