ከመርዶ በፊት የተበላ ምሳ

የፖላንድ ምግብ ቤቱን የመረጥኩት ሐበሻ እንደማይገባበት እርግጠኛ ስለነበርኩ ነው። ስለ ምግቡ የተጨነቀ ሰው አልነበረም፣ እኔም ጭምር።

ቤንዚን እሳት የሆነበት ሐምሌ ነበር። የጓደኛዬ እናት ሐሙስ ዕለት ደሴ ላይ አረፉ። ዐርብ ረፋድ ላይ ዳላስ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰማው ልጃቸው ብቻ ነው። በአገራችን ደንብ መርዶ በማለዳ ይነገራል። እዚህ ግን በማለዳ ግማሹ ሰው ከመጋዘን እየወጣ፣ ግማሹ ኤርፖርት እየገባ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቆረጡ። እስከዚያ አንድ ሰው ከቤት ይዞት መውጣት፣ ከስልክ ማራቅና ማብላት ነበረበት። በተለይ ማብላት። መርዶ የሰማ ሰው ሁለት ሦስት ቀን እህል አይቀምስም፤ ስለዚህ ሳያውቅ ሆዱን መሙላት የግድ ነው።

ለዚህ ሥራ እኔን መምረጣቸው ቀልድ ይመስላል። ይህን ልማድ ተቃውሜ የማኅበራችን መጽሔት ላይ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ። የሞተው የራሱ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ባለሐዘኑን ከከተማው ሁሉ የመጨረሻው ሰሚ ማድረግ ጎልማሳን እንደ ሕፃን ማታለል ነው ብዬ ነበር። እውነቱን ቀድሞ የሰማ ሰው ስብራቱ ይቀልለታል ብዬም ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ደወሉልኝ።

"ጽሑፍህን አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ነው" አሉኝ። "አሁን ልጁን ይዘህልን ውጣ።"

"ከዚህ ሁሉ ሰው እኔን?"

"ካንተ ጋር ሲሆን ጭቅጭቅ እንጂ ሐዘን አይጠረጥርማ።"

ጓደኛዬ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው፤ ሌክ ሃይላንድስ ይኖራል። ሚስቱ ስልኳ እንደተበላሸ ነግራ የእሱን በር ላይ ተቀበለችው። ዓይኗ የቀላው በአለርጂ ነው አለች። ዳላስ ውስጥ ይህን ዓመቱን ሙሉ ማንም ያምናል።

ምግብ ቤቱ ወደ ማኪኒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጥርስ ሐኪምና በልብስ ማጠቢያ ቤት መካከል የተሸጎጠ ነው። ስምንት ጠረጴዛ፣ የዳንቴል ጨርቅ፣ ግድግዳው ላይ ፊቷ የጠቆረ የእመቤታችን ሥዕል። ጓደኛዬ ተሳለመና "ጠይም ናት። የኛ ቤት ነው ማለት ነው" አለ።

ችግሩ የጀመረው ሜኑው ሲመጣ ነው። ሐበሻ የማይገባበትን ቤት ስፈልግ ለምን እንደማይገባበት አላሰብኩም። ቋሊማው አሳማ ነው። የጎመን ጥቅሉ ውስጥ አሳማ አለ። ሾርባው ውስጥም አለ። ባቄላው እንኳ ብቻውን አልቀረበም።

"ሶ፣ አሳማ ልታበላኝ ነው እዚህ ድረስ የነዳኸኝ?" አለ። "ንስሐ አባቴ ምን በደሉህ?"

በሌላ ቀን ቢሆን ኦሪትና ሐዲስ እየጠቀስኩ እስኪመሽ እከራከረው ነበር።

"ልክ ነህ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት።

የቤቱ ባለቤት ስድሳውን የተሻገረች፣ ክንደ ወፍራም ሴት ናት። ሙስሊም መሆናችንን ጠየቀችን፤ አይደለንም አልን። አይሁድ? አይደለንም። ጓደኛዬ ማተቡን ከሸሚዙ ውስጥ አውጥቶ አሳያት። ማተቡን አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን አየች።

"ታዲያ አሳማ ምን አድርጓችሁ ነው?" አለች።

ከዚያ እጇን አወናጨፈችና እነሱም ሥጋ የማይበሉበት ቀን እንዳላቸው፣ የዚያ ምግብ በሌላ ድስት እንደሚሠራ ነገረችን። ድስቱ ሌላ መሆኑን ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ አረጋገጠ።

መጀመሪያ የቀይ ሥር ሾርባ መጣ፤ ቀጭን፣ ትኩስና ጎምዛዛ ነው። ቀጥሎ ፒዬሮጊ የሚሉት፣ ድንችና አይብ በሊጥ ተጠቅልሎ የተቀቀለ፣ ላዩ ላይ በቅቤ የቀላ ሽንኩርት የተነሰነሰበት። አጠገቡ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነጥቅ ነጭ ማባያ አለ። ጓደኛዬ አንዱን በሹካ አንሥቶ እንደ ዕቃ ገዢ ገለባበጠው።

"እናቴ ይቺን ብታይ 'ሳምቡሳውን ሳይጠብሱ አቀረቡት' ነው የምትለው።"

ለመስከረም ሊያያቸው ቲኬት ቆርጧል። ከተለያዩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ምን ይዞላቸው እንደሚሄድ ሲነግረኝ ሾርባዬን አማስል ነበር።

"ጨው የለውም" አለ። "የበሽተኛ ምግብ ነው።"

"ልክ ነህ። ግን ብላ፣ ጨምር።"

"ደግሞ አንተ መንገድ የሚጠፋህ ለምን እንደሆነ ገባኝ። መጽሐፍ ያበዛ ሰው ጂፒኤስ እንኳ ሲነግረው አይሰማም።"

"በሱም ልክ ነህ።"

ሹካውን አስቀመጠ። "ዛሬ ሦስተኛህ ነው።"

"ምኑ?"

"ልክ ነህ ስትለኝ። ማለቴ፣ በተዋወቅንበት ዘመን ሁሉ አንድም ቀን ልክ ሆኜ አላውቅም።"

የኔን ሳህን አየ፤ አልነካሁትም። እጁ ስልኩን ፍለጋ ወደ ኪሱ ሄዶ ባዶውን ተመለሰ።

"አለርጂ" አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ፦ "እናቴ ናት?"

በሁለት ጽሑፍ የተሟገትኩት ለዚች ደቂቃ ነበር። ሰውየው ፊት ለፊት ጠይቋል፤ የሚቀረው አዎ ማለት ብቻ ነው። እኔ ግን የጨው ዕቃውን ወደ እሱ ገፋሁለት። እጁን አነሣ።

"ተው። አትንገረኝ። ስንት ሰዓት ነው ያሉት?"

"አሥራ አንድ።"

የግድግዳውን ሰዓት አየ። "ገና ስምንት ተኩል ነው። ኦኬ። እስከ አሥራ አንድ እናት አለኝ።"

ሹካውን አነሣ።

"ባለፈው ዓመት" አለ እያኘከ፣ "አንዱን ዴንተን ድረስ ወስጄ ጎማ አስቀይሬዋለሁ። ጎማው አዲስ ነበር። አባቱ ነበሩ የሞቱት። የቤቱ በር እስኪከፈት ድረስ ጎማ ሻጩን ሲሰድብ ነበር።" ሊስቅ ጀመረና አልሆነለትም።

የቀሩትን በላ። ቀዝቅዘው ነበር፣ ቅቤውም ረግቷል። ሌላ ሳህን አዘዘ። እንደዚያ ሲበላ ሰው አይቼ አላውቅም፤ በዝግታ፣ አንዱን ሳይውጥ ሌላውን ሳያነሣ፣ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳይነቅል። እንባው ሲወርድ ሴትዮዋ ነጩ ማባያ አቃጥሎት መስሏት ውሃ ይዛ ሮጠች። እንዲህ የሚበላ እንግዳ ደስ ይለኛል ብላ የፖም ኬክ ጨመረችለት። አመስግኖ እሱንም በላ። ቡናም መጣ፤ ስኒው ባዶ ከሆነ በኋላም ብዙ ተቀመጥን።

መኪና ውስጥ ስንገባ "እንዳልሰማሁ ነው የምገባው" አለኝ። "የሥራ ሺፍታቸውን ቀይረው፣ ከፎርት ዎርዝ ድረስ ነድተው የመጡ ሰዎች አሉ። አላበላሽባቸውም።"

ቤቱ ስንደርስ ፓርኪንጉ በምናውቃቸው መኪኖች ሞልቶ ነበር። ጓደኛዬ አንዱንም እንዳላየ ሆኖ አለፈ። በሩ ሲከፈት ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ወንዶች። መምህሩ ተነሡና "ልጄ፣ ቁጭ በል" አሉት። አልተቀመጠም። ነገሩት።

ማስመሰል የማይችልበት ሰው ስለሆነ እንዳይነቃበት ፈርቼ ነበር። የወጣው ድምፅ ግን የማስመሰል አልነበረም። አራት ሰው ያዘው። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀድሞ ማወቁን ከዚያ ቤት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከስብራቱ ምንም አልቀነሰለትም።

ትንሽ ቆይተው መምህሩ ኮሪደሩ ላይ አገኙኝ።

"በልቷል?"

"ሁለት ሳህን። ኬክም።"

"ምን ነበር?"

"ድንች በሊጥ።"

ሊጡን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ደግ አድርገሃል። ከባድ ነገር ነው፣ ያቆየዋል" አሉ።

ጓደኛዬ እስከ ማክሰኞ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሰም።