ለእማዬ የመረጥነው ማንጎ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ኮሎምበስ አጠገብ ካናል ዊንቸስተር በምሠራበት ዌርሃውስ በእንጨት ርብራብ ላይ የተደረደረ አንድ ፓሌት ማንጎ ተገልብጦ ወለሉን ሞላው። ቁጢጥ ብዬ እያነሳሁ፣ አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጫን እያደረግኩ ጠንካራውን ከበሰለው ስለይ አብራኝ የምትሠራው ልጅ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ምን ይመርጣሉ? ሁሉም እኮ ትራሽ ነው የሚገባው!» ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። እጄ ግን ይህን የተማረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው።

ያኔ የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። እናታችን በተቀበረች ማግስት አጎቴ ጠራኝና፣ አርባ ምንጭ ኮሌጅ የምትማረውን ታናሽ እህቴን ሰናይትን እንዳመጣት አዘዘኝ።

«እናትሽን ትንሽ አሟታል በላት። መርዶውን እዚህ ሽማግሌዎች ይነግሯታል። መንገድ ላይ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ!»

ወጋችን ነው፤ ሰው መርዶ የሚረዳው ዘመድ መሀል ነው። እሺ አልኩ። ደንዝዤ ነበር፣ እንባም አልመጣልኝም።

ከአዲስ አበባ የተነሳው አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ዋለ። ሶዶን አልፈን ቆላው ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን፤ አርባ ምንጭ ስንቃረብ ግራ ቀኙ ሙዝ በሙዝ ሆነ። ሰናይት ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እማዬን አሟታል ስላት ፊቷ ጠቆር ቢልብኝ፣ «ጉንፋን ቢጤ ነው፤ ናፍቀሻት ነው» ብዬ ጨመርኩበት። ይህንን እንኳ ማንም አላዘዘኝም። አመነችኝ።

በማግስቱ አውቶቡሱ ሞልቶ ስለነበር እዚያው ዋልን። እሷም አገር ልታሳየኝ ወጣች። ከከፍታው ላይ ሁለቱን ሐይቆች አሳየችኝ፤ አባያ ድፍርስ፣ ጫሞ ሰማያዊ። ምሳ የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ በላን። እናቴ ከሞተች ሳምንት እንኳ ሳይሞላት፣ አፈር ልብላ፣ ጣፈጠኝ!

ከዚያ ገበያ ገባን። «እማዬ ማንጎ ስትወድ!» አለችና ዘንቢል ገዛች።

«የበሰለውን ተይው፣ መንገድ ላይ ይፈርሳል» አልኳት። በአውራ ጣቴ ጫን እያደረግኩ ጠንካራ ጠንካራውን መረጥኩ፤ ነጋዴዋ እስክትሰለቸኝ ድረስ።

«ጥሩ፣ እስኪሻላት ይበስልላታል» አለች ሰናይት።

ዘንቢሉን ጭኗ ላይ አድርጋ አዲስ አበባ ድረስ መጣች። አመሻሽ ላይ ሰፈራችን ስንደርስ ድንኳኑን አየች። አጎቴ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደ እኛ ሲመጣ አልጮኸችም። ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ አንተም አብረኸኝ ስትመርጥላት ነበር?»

ከዚያ ነው የወደቀችው።

ተጣላን አልልም። በየበዓሉ እንደዋወላለን። ያንን ቀን ግን አንስተነው አናውቅም።

አምና አባታችን ሲያርፍ፣ ዘመዶች እዚህ ኮሎምበስ ያሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው እንዲያረዱኝ ተማክረው ነበር። ሰናይት ቀደመቻቸው። ሥራ ላይ እያለሁ ኮል አደረገችኝ።

«ጋሼ፣ አባባ ዛሬ አረፈ። ቀብሩ ነገ ነው። ሳታውቅ እንዳትውል ብዬ ነው።»

ስልኩን ዘጋሁና ሺፍቴን ጨረስኩ። ምንም አልተሰማኝም። ዘመድ ሁሉ «ምን ዓይነት ጨካኝ ናት! እንዲህ በደረቁ ይነገራል?» ብሎ ተቆጣት። እኔ ግን የነፈግኳትን እንደሰጠችኝ አውቃለሁ። ይህንኑ ልነግራት ስንት ጊዜ ደወልኩ። ስለ ልጆቿ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁት።