ኮከቡ የታየበት ግንቦት

ባለቤቴ ቢቸና ሳይንስ ያስተምር ነበር፤ እኔ ደግሞ ትንንሾቹን ፊደል አስቆጥራለሁ። እሱ ተመድቦ የመጣው ከሐረር ነው፤ እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ነበረችን። ከእሷ ቀጥሎ ባለቤቴ የሚወደው አንድ ፈረንጅ መምህር አገሩ ሲገባ ትቶለት የሄደውን ቴሌስኮፕ ነበር።

በዚያ ግንቦት ሬዲዮው በእንግሊዝኛ አንድ ወሬ አወራ። በሌላ ጋላክሲ ያለ ኮከብ ፈንድቶ ብርሃኑ ገና መድረሱ ነው፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንትም ከየአገሩ መሣሪያቸውን ወደዚያው አዙረዋል። ባለቤቴ የሰማይ ካርታውን ዘርግቶ ቦታውን ሲፈልግ ሰነበተ። አንድ ምሽት ራት ሳንበላ ከግቢ ጠራኝ። ዐይኔን መነፅሩ ላይ ባደርግ፣ ደብዛዛ ጭጋግ ከመሰለ ነገር አጠገብ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ አየሁ።

«ይቺ ናት?» አልኩት፤ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር።

«ይቺ ናት። ስትፈነዳ ሰው የሚባል ገና አልነበረም።»

ልጃችንንም አቅፎ አሳያት። ጎረቤታችን ድሬሰሩ፣ ጤና ጣቢያ የሚሠራው፣ እሱም መጥቶ አየ። ባለቤቴ ሊቃውንቱ በዚያው አካባቢ በጣም ደካማ የራጅ ጨረር ማግኘታቸውን፣ ከኮከቡ ይምጣ ከሌላ ግን እንዳልለዩ ነገረው።

«ራጅ ከሰማይ ይመጣል?» አለ ድሬሰሩ። «እኛ እኮ ለአንድ ራጅ በሽተኛውን በጭነት መኪና ጭነን አገር አቋርጠን ነው የምንሄደው።»

ሦስታችንም ሳቅን።

ወሩ ሳያልቅ ልጄ ማሳል ጀመረች። ትኩሳቱ ጠዋት ተወት ያደርጋትና ማታ ይመለሳል፤ ጎኗን ይዛ ታቃስታለች። ድሬሰሩ ፔኒሲሊን ወጋት፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ ባለቤቴን ወደ ውጭ ጠርቶ፣ «ደረቷ ውስጥ ያለው ሳይታይ እኔ በግምት ልገድላት አልፈልግም። ራጅ ትነሣ» አለው። ሲናገር ቀና ብሎ አላየውም።

እህል በጫነ መኪና ወደ ደጀን ወጣን። ዝናቡ መንገዱን አበላሽቶት ስለነበር መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ወንዶቹ ሲገፉ እኔ ልጄን በጋቢ ጠቅልዬ በጭነቱ ላይ ተቀመጥኩ። ደጀን አደርንና በማግስቱ በአውቶብስ ሆስፒታል ያለበት ከተማ ደረስን። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ ተከዘ።

«የራጅ ፊልም አልቆብናል። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጠብቁ።»

«እኛው አዲስ አበባ ብንወስዳትስ?» አለ ባለቤቴ።

«በዚህ ትንፋሿ መንገድ አትችልም።»

ጠበቅን። ባለቤቴ በየጠዋቱ ራጅ ክፍሉ በር ላይ ይቆማል፤ ዛሬ ይደርሳል ይሉታል፤ ነገም እንደዚያው። ልጄ ፊልሙ ሳይደርስ በእጁ ላይ አረፈች። ቢቸና አምጥተን ቀበርናት።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ባለቤቴ ደመናው ከፈት ባለ ቁጥር ወደ ቴሌስኮፑ ይወጣ ጀመር። አንድ ምሽት ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ «እየደከመች ነው» አለኝ። ስለ ኮከቡ እንደሚያወራ አውቄ እንኳ ልጄን ያለ መሰለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ መጥታ ሁለታችንንም ሞጣ ወሰደችን። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ ያስተምራሉ። አማቻቸው ቀኑን ሙሉ ደጅ ተቀምጦ ዝናብ ሲያይ መዋሉ አስጨነቃቸው መሰለኝ፣ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀመጡ፤ ስለ ኮከቡ ከእኔ ሰምተው ነበር።

«ልጄ፣ ያ ኮከብ ዛሬም ይታያል?»

«በእኔ መሣሪያ አይታይም፣ አባባ። ፈረንጆቹ ግን ትልቅ መሣሪያ ስላላቸው እስካሁን ይከታተሉታል።»

«የሞተውን ምን ያደርጉለታል?»

«በምን እንደሞተ ለማወቅ ነው።»

ባለቤቴ የተናገረው ለራሱም የገባው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አባቴ ትከሻው ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆዩና ተነሥተው ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ልቀመጥ አሰብኩ፤ ግን ተመልሼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በመስከረም ወደ ቢቸና ተመለስን። ሌላ ልጅ አልወለድንም። ከአንድ ማዕድ እየበላን ብዙ ዓመት አብረን ኖርን፤ የልጃችንን ስም ግን እሱም ለእኔ፣ እኔም ለእሱ አንሥተን አናውቅም።