ጆሮ የሚሉት ጎሚስታ

ሠፈሩ ለጎሚስታው ያወጣለት ስም ጆሮ ነው። ደንበኛ ሲመጣ ክሪክ ለማንሳት አይሮጥም፤ ከኋላ ወንበር ጉብ ይልና ዓይኑን ጨፍኖ «ንዳው!» ይላል። መሪው ከተንቀጠቀጠ የፊት ጎማ ባላንስ ነው፤ መቀመጫው ከተንቀጠቀጠ የኋላው። ጩኸቱ መታጠፊያ ላይ ከተለወጠ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው፤ የአስፋልቱን መልክ እያየ ከተለዋወጠ ደግሞ ራሱ ጎማው ተበልቷል። ልጆቹን ያሳደገው በዚሁ ጆሮው ነው።

የዚያን ቀን የመጣው የሚስቱ ወንድም፣ ባለታክሲው ነበር።

«አማቼ፣ ታክሲዋ እንደ ንብ ቀፎ እየጮኸች አሳበደችኝ እኮ!»

ወጡ። «የኋላ ቀኝ» አለ ጆሮ ወዲያው። ተመልሰው ሲዳስሱት እውነትም ጎማው እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። አዲስ ገባ፤ ቸርኬው ላይ የእርሳስ ክብደት ተለጥፎ ባላንስ ተደረገ። ደግመው ወጡ።

«አልጠፋም» አለ ጆሮ።

«ኧረ ለእኔ ጸጥ ብሏል!»

«ዕድሜ ልክህን ተሳፋሪ ስትጠራ ኖረህ፣ ምን ጆሮ ቀረህና!»

ኩሽኔታውን ፈታ፤ ደህና ነው። የፊቶቹን ጎማዎች ወደ ኋላ አዛወረ። ላብ አጠመቀው። እንደገና ወጡ።

«ይኸው! ው... ው... ይላል፤ እንዴት አይሰማህም?»

ባለታክሲው መኪናዋን ዳር አስያዘና ሞተሩን አጠፋ።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ጭራሽ ብሶ...» መኪናዋ ቆማለች። ጩኸቱ አልቆመም።

ባለታክሲው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ቤት ውስጥ ሁላችንም እንድትሰማን እየጮኽን ማውራት ከጀመርን ቆየን እኮ» አለ። «አንተ ከቁጡ ቤተሰብ አገባሁ እያልክ ትስቃለህ። እህቴ ናት አትንገሩት ያለችን።»

ጆሮ እጁን ጭኑ ላይ ጠረገ፤ መልሶ ጠረገ። ከዚያ ወደ ጎሚስታ ቤቱ ተመለሱ።

በሩ ላይ የድሮ ደንበኛው፣ አስተማሪዋ፣ ትጠብቃለች። «ጆሮዬ፣ መኪናዬ ድምፅ አምጥታለች፤ እስቲ ስማልኝ!»

«ማዶ ካለው ጋራዥ ውሰጂያት።»

ቀልድ መሰላት። ከት ብላ ሳቀችና የኋላውን በር ከፈተችለት። «ግባ እንጂ፣ ደግሞ መለመን አማረህ?»

ሳቋ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«የምሬን ነው የኔ እህት። እኔ ጋ ከመጣች ሁሉም መኪና ይጮኻል።»